ሲስተርን ይጠይቁ፦ «17.7 ነሽ አሉኝ፤ ታምሜ ነው?»

ጥያቄ

ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 26 ዓመቴ ነው። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ጀሞ አካባቢ ነው። ለአዲስ ሥራ የጤና ምርመራ አምጪ ተብዬ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ቁመቴን 1 ሜትር ከ68፣ ክብደቴን 50 ኪሎ ብለው መዘገቡ። ከዚያ ልጁ ካልኩሌተሩን ነካ ነካ አደረገና «ቢኤምአይሽ 17.7 ነው፤ ከመደበኛው ክብደት በታች ነሽ» አለኝ። ወረቀቱ ላይም በቀይ ጻፈው። ሌላው ምርመራ ሁሉ ደህና ነው። እኔ ከአስረኛ ክፍል ጀምሮ 49 ወይም 50 ነኝ። እበላለሁ። የወር አበባዬ አይዛባም። አባቴም እንደኔ ረጅምና ቀጭን ነው። ቤት ስደርስ ግን እናቴ አለቀሰች። ጎረቤቶቻችን ድሮም «ይቺን ልጅ ምን ይዟት ነው?» ይላሉ። ጓደኛዬ ደግሞ የማወፈሪያ ክኒን ገዝታልኛለች። እስካሁን አልዋጥኩትም። ታምሜ ነው? ስንት ኪሎ መጨመር አለብኝ?
ቀጭኗ፣ ከጀሞ

መልስ

የኔ ቆንጆ፣ እንኳን አልዋጥሽው። ክኒኑን ለጊዜው ኪስሽ ውስጥ አቆዪው፣ እመለስበታለሁ።

ቢኤምአይ ክብደትሽ ከቁመትሽ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ክብደትሽን በኪሎ ትወስጃለሽ። ቁመትሽን በሜትር ወስደሽ በራሱ ታባዢዋለሽ። ከዚያ ክብደቱን ለዚያ ታካፍያለሽ። 1.68 በ1.68 ሲባዛ 2.82 ገደማ ነው። 50 ለ2.82 ሲካፈል 17.7። ልጁ አልተሳሳተም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያሰመረው መስመር 18.5 ነው፤ አንቺ ከመስመሩ በታች ነሽ። ነገር ግን ከመስመሩ በታችም ደረጃ አለ። ከ17 እስከ 18.5 ያለው ቀላል ነው። ከ16 እስከ 17 መካከለኛ፣ ከ16 በታች ደግሞ ከባድ። አንቺ ቀላሉ ውስጥ ነሽ። ቀይ እስክሪብቶ የሚያስመዝዝ አይመስለኝም።

አሁን ልጠይቅሽ። ቁመትሽን ሲለኩ ፀጉርሽ እንዴት ነበር? ጫማሽንስ አውልቀሻል? እየቀለድኩ አይደለም። ብዙ ዓመት ጤና ጣቢያ ሚዛን ክፍል ሠርቻለሁ። ፀጉሯን አናቷ ላይ ቋጥራ፣ ሶሉ ወፍራም በሆነ ስኒከር መለኪያው ላይ የምትቆም ሴት በየቀኑ ትመጣለች። ከጫማና ከፀጉር 4 ሴንቲሜትር ተጨምሮልሽ ከሆነ እውነተኛ ቁመትሽ 1.64 ነው። ያው 50 ኪሎ ያኔ 18.6 ይሰጣል። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ ማለት ነው! ቁመት በራሱ ስለሚባዛ ትንሿ ስህተት ትበዛለች። ሚዛንም እንደዚሁ ነው። አስፋልት ዳር ልጆች ይዘውት የሚቀመጡት ሚዛን ልጆቹን ለመርዳት ያህል ጥሩ ነው፤ ለምርመራ ግን አላምነውም። ጠዋት፣ ሳትበዪ፣ ሽንት ቤት ደርሰሽ፣ ጃኬትና ጫማ አውልቀሽ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን ተመዘኚ። ፋሲካ ማግስት የተመዘንሽውን ከሁዳዴ መጨረሻ ጋር አታወዳድሪ።

ልኬቱ ትክክል ነው እንበል። 17.7 ነሽ። ምን ማለት ነው?

ቀመሩን ያወጣው ሐኪም አይደለም። አዶልፍ ኬትሌ የሚባል ቤልጂየማዊ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ምሁር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ። ሰውየው የፈለገው «አማካይ ሰው» ምን እንደሚመስል ማወቅ ነበር። በሽተኛ መለየት ሐሳቡም አልነበረም። የለካቸውም የምዕራብ አውሮፓ ሰዎችን ነው። ቢኤምአይ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣለት አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሰል ኪስ ነው። እሱም ቢሆን ዓይኑ የነበረው ብዙ ሰው በአንድነት በሚጠናበት ሥራ ላይ ነው።

ለዚያ ሥራ ደግሞ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 22 በመቶው ከ18.5 በታች ነበሩ። በዚያው ዕድሜ ካሉ ወንዶች ደግሞ 33 በመቶው። ይህን ቁጥር ሳይ ስለ አገሬ ማዕድ አስባለሁ። ስለ ድርቅ፣ ውሃ ለመቅዳት ስለሚኬድ መንገድ፣ ባልና ልጅ ከበሉ በኋላ ስለምትቀመስ እንጀራ አስባለሁ። ረሃብ አለ፤ ቀጭን ሁሉ በተፈጥሮው ነው ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ግን ቁጥሩ ስለ አንዲት የጀሞ ልጅ ብቻውን ብዙ አይነግረኝም።

አንደኛ፣ ቢኤምአይ ጡንቻን ከስብ አይለይም። ሁለተኛ፣ የሰውነት ቅርጽን አያውቅም። የሰው ክብደት በብዛት ያለው ከዳሌ በላይ ነው። እግር ሲረዝም ቁመት ይጨምራል፣ ክብደት ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ስለዚህ እግረ ረጅም ሰው ምንም ሳይጎድለው ቢኤምአይው ዝቅ ይላል። ይህ ኑዌሮችና የሶማሌ አርብቶ አደሮች ላይ በደንብ ይታያል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች አንዳንዴ ሰውን አስቀምጠው ቁመቱን የሚለኩት። ተቀምጦ ያለውን ቁመት ከቆመው ጋር ሲያነጻጽሩ እግሩ ስንት እንደወሰደ ያውቃሉ። አንቺና አባትሽም ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ከሌላው ሰው ጋር እኩል የምትሆኑ፣ ስትነሱ ግን የምትበልጡ ከሆነ ነገሩ ገባሽ።

አበበ ቢቂላን ውሰጂ። በመዝገብ የሰፈረው ቁመቱ 1 ሜትር ከ77፣ ክብደቱ 57 ኪሎ ነው። ካልኩሌተር አውጪና ሞክሪው። 18.2 ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና በወጣ በሳምንታት ውስጥ ማራቶን ያሸነፈ ሰው፣ አንቺ ክሊኒክ ቢመጣ በቀይ ይጻፍበት ነበር። (ሯጭ ሁሉ ጤነኛ ነው እያልኩ ግን አይደለም። በልምምድ ብዛት የወር አበባዋ የቀረባት ሯጭ ሰውነቷ ምግብ አንሶታል፤ አጥንቷም ይሳሳል። አሠልጣኟ «የተለመደ ነው» ቢላትም ሐኪም ጋ መሄድ አለባት።)

ታዲያ እኔ ሚዛን ክፍል ሆኜ ምን እጠይቅ ነበር? መጀመሪያ «አምና ስንት ነበርሽ?» እላለሁ። አንቺ ሳልጠይቅሽ መልሰሽልኛል፤ ከአስረኛ ክፍል ጀምሮ 49 እና 50። ይህ ከ17.7 የበለጠ ይነግረኛል። ቀጥዬ የወር አበባን እጠይቃለሁ፤ እሱንም መልሰሻል። ከዚያ ትኩሳት፣ ሌሊት የሚያሰምጥ ላብ፣ የቆየ ሳል፣ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ልብ መምታት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ አንገት ላይ እብጠት አለ ወይ እላለሁ። ደረጃ ስትወጪ ይደክምሻል ወይ? ፀጉርሽ ይረግፋል ወይ?

አንድ ጥያቄ ደግሞ ሰው ሁሉ ስለሚያፍርበት ዝቅ ባለ ድምፅ እጠይቃለሁ። ስትበዪ መወፈር ያስፈራሻል ወይ? በልተሽ ሆን ብለሽ የምታስመልሽበት ቀን አለ ወይ? «ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው» እንላለን። እኛ አገርም አለ። ካለ ለኔም ቢሆን ጻፊልኝ፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያየዋል፣ ይታከማል።

ለሁሉም መልስሽ «የለም» ከሆነ አልታመምሽም። የሄሞግሎቢንና የሰገራ ምርመራ ካላደረግሽ አንዴ አድርጊ። የደም ማነስና የአንጀት ትል በጸጥታ ነው የሚኖሩት።

ስንት ኪሎ ልጨምር ላልሽው፣ በ1.68 ቁመት 18.5 ለመድረስ 52.2 ኪሎ ያስፈልጋል። የሚጎድልሽ ሁለት ኪሎ ከምናምን ነው። እናትሽ ያለቀሱት ለሁለት ኪሎ ነው! ይህን አንብቢላቸው። «ወፈርሽ፣ ተመቸሽ» የምንል ሕዝብ ስለሆንን ቀጭን ሰው ሁሉ የተከፋ ይመስለናል።

ክኒኑ። ስሙን አልነገርሽኝም፤ በዚህ ስም የሚሸጡት ግን በአብዛኛው ከሁለት ዓይነት አይወጡም። አንዱ ሳይፕሮሄፕታዲን ነው። የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ ሆድ ያስርባል፣ ያስተኛል። ስታቆሚው የጨመርሽው ይወርዳል። ሁለተኛው ዴክሳሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን ነው። እሱን እፈራዋለሁ። ፊትን የሚያሳብጠው በስብና በውሃ ነው። ስኳርና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል፣ በሽታ የመከላከል አቅምን ያዳክማል። ሰንብተው ድንገት ሲያቆሙት ደግሞ ራሱን ስቶ የሚወድቅ ሰው አለ። ለጓደኛሽ አመስግነሽ መልሺላት። እሷም እየዋጠች ከሆነ በራሷ ከማቆሟ በፊት ሐኪም ታማክር።

ሁለቱን ኪሎ ከፈለግሽ ከማዕድ ቤት አምጪው። ጠዋት ደረቅ ዳቦ በሻይ ከሆነ ቁርስሽ፣ ዳቦው ላይ የለውዝ ቅቤ ቀቢ። እንቁላል ጨምሪ። ሥራ ቦታ ቆሎና ለውዝ ያዢ። ከሰዓት በሶ በማር በጥብጪ፣ ወይም አቮካዶ ብይ። ምስርና ሽሮ ላይ ዘይት አትሰስቺ። ቅቤ ብቻ መጨመር ስብ ነው የሚያመጣው፤ ጡንቻ ከፈለግሽ ፕሮቲንና እንቅስቃሴ አንድ ላይ ይሂዱ። ሻይና ቡናን ከምግብ ሰዓት አርቂ፤ የምግቡን አይረን ይሻማሉ።

ቁጥሩን በቁም ነገር የምይዝበት ጊዜ አለ፤ ለማርገዝ ስታስቢ። ከ18.5 በታች ሆና የምታረግዝ ሴት ክብደቱ ዝቅ ያለ ልጅ የመውለድ ዕድሏ ይጨምራል። በእርግዝናዋ ከ12.5 እስከ 18 ኪሎ እንድትጨምር ይመከራል። ያኔ ቀድመሽ ሐኪም አማክሪ፣ ፎሊክ አሲድም ቀድመሽ ጀምሪ። ካረገዝሽ በኋላ ቢኤምአይ አይሠራም፤ የምትመዘኚው ከነልጅሽ ነው። ጤና ጣቢያ ክንድሽን በሜትር ይለኩሻል። ከ23 ሴንቲሜትር ካነሰ ተጨማሪ ምግብና ክትትል ያስፈልጋል።

ጥያቄ

ሲስተር፣ እንዴት ነሽ? 41 ዓመቴ ነው፤ ሹፌር ነኝ፣ ከአዳማ። አምና መስቀል ላይ 68 ኪሎ ነበርኩ፣ አሁን 59 ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ74 ነው። ባለቤቴ ካልታየህ አለችኝ። ስልኬ ላይ ሳሰላው ግን ቢኤምአይዬ 19.5 ነው፤ «መደበኛ» ይላል። ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠማኛል፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሜ እነሳለሁ። ጫት እቅማለሁ፣ ምናልባት እሱ ይሆናል። ባለቤቴን ምን ልበላት?
ሹፌሩ

መልስ

ወንድሜ፣ «ልክ ነሽ» በላት። ነገ ጠዋት ሳትበላ ጤና ጣቢያ ሂድ።

ስልክህ የሚያውቀው የዛሬውን ክብደትህን ብቻ ነው። አምና 22.5 እንደነበርክ አያውቅም። ከ68 ላይ 9 ኪሎ ማለት 13 በመቶ ነው። ሳያስበው በስድስት ወር ወይም በዓመት ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ የወረደለት ሰው መመርመር አለበት፤ አንተ ከእጥፍ በላይ አልፈሃል። ከላይ ካለችው ልጅ ይልቅ የምሰጋው ለአንተ ነው።

ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ እውነት ነው። ክብደትህንም በከፊል ሊያወርደው ይችላል። ሌሊት ደጋግሞ የሚያስነሳ ሽንትንና ጥማትን ግን በጫት አላልፈውም። እነዚህ ሦስቱ፣ ጥማት፣ ሽንት፣ መክሳት፣ አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የማስበው ስኳርን ነው። የደም ስኳርህ በባዶ ሆድ 126 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሙ ያረጋግጥና ሕክምና ይጀምርልሃል።

«ስኳር የወፍራም ሰው በሽታ ነው» የሚል ወሬ ብዙ ሰው ገድሏል። እኛ አገር፣ በተለይ ገጠር፣ ቀጫጭን የስኳር ሕሙማን ሞልተዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ዓይነት «ዓይነት 5» ብሎ ለብቻው እውቅና ሰጥቶታል።

ስኳሩ ደህና ቢሆን እንኳ በዚያው አትመለስ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ወይም የሌሊት ላብ ካለህ አክታ ስጥ። የኤችአይቪ ምርመራ አድርግ። የቲቢም የኤችአይቪም ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ታይሮይድም መታየት አለበት። እስከዚያ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም ወይም ከባድ ድካም ከመጣ ነገን አትጠብቅ፣ ድንገተኛ ክፍል ግባ። መኪናውንም ሌላ ሰው ይንዳው።

ጥያቄ

ሲስተር፣ የምጽፍልሽ ከቨርጂኒያ ነው። እናቴ ደሴ ናት፣ 74 ዓመቷ ነው። የወንድሜ ልጅ ክሊኒክ ወስዷት 1 ሜትር ከ52፣ 47 ኪሎ ሆነች። «20.3 ነው፤ በጣም ጥሩ» ተባለ። በቪዲዮ ሳያት ግን ቀሚሷ ሰፍቷታል፣ ጉንጯ ገብቷል። ወጣት ሳለች 1 ሜትር ከ60 ነበረች። ጥርሷም አልቋል። ሁሉንም ጾም ትጾማለች። እኔ ነኝ የማካብደው?

መልስ

አላካበድሽም፣ እህቴ።

እናትሽ 8 ሴንቲሜትር አጥረዋል። ጀርባ ሲጎብጥና የአከርካሪ አጥንት ሲጫን ቁመት ይቀንሳል፤ ቁመት ሲቀንስ ቢኤምአይ በሐሰት ከፍ ይላል። በድሮው ቁመታቸው ብናሰላው 18.4 ነው። ትክክለኛ ቁመታቸውን ማስታወስ የማይችሉ ሰዎች ሁለቱን እጅ ወደ ጎን ዘርግተው ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ሲለኩ ለወጣትነት ቁመታቸው ይቀርባል። ደግሞም ለአዛውንት 18.5 ዝቅ ያለ መስመር ነው። የአመጋገብ ሐኪሞች ከ70 ዓመት በላይ ላለ ሰው ከ22 በታች ሲሆን መጠየቅ ይጀምራሉ። ስለዚህ 20.3 ራሱ «በጣም ጥሩ» አይባልም።

የወንድምሽ ልጅ እነዚህን ይይልሽ። እጃቸውን ሳይደገፉ ከወንበር ይነሳሉ? የእግራቸውን ቁርጭምጭሚት በአውራ ጣት ሲጫነው ይሰረጉዳል? ከሰረጎደ ከ47ቱ ኪሎ የተወሰነው ውሃ ነው፣ ሐኪም ይየው። ከማን ጋር ነው የሚበሉት? ብቻውን የሚበላ አዛውንት ትንሽ ነው የሚቀምሰው።

ብር የምትልኪ ከሆነ መጀመሪያ ጥርሱን አሠሪላቸው። ቆሎ ማኘክ ያቃተው ሰው ሥጋም ጎመንም ይተዋል። እስከዚያ ለስላሳውን፦ አጥሚት፣ ገንፎ፣ ምስር ክክ፣ በፍስክ እንቁላልና ወተት። ስለ ጾሙ አንቺ በስልክ አትከራከሪያቸው፤ አትችያቸውም። የንስሐ አባታቸውን አናግሪ። ለታመመና ለደከመ አረጋዊ ቤተ ክርስቲያን ታቃልላለች፤ ቃሉ ከእሳቸው ሲመጣ ነው እናትሽ የሚሰሙት። በሦስት ወር አንዴ በዚያው ሚዛን ይመዘኑና ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ።

ጥያቄ

ሲስተር፣ ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ ቢኤምአይው 17 ነው። በዚህ መስመር ካየነው መካከለኛና ቀላል መሃል ነው። ልስጋ?

መልስ

በዚህ መስመር አታዪው። 18.5 ለአዋቂ ነው። እስከ 19 ዓመት ያለ ልጅ የሚነጻጸረው በዕድሜውና በጾታው ከተዘጋጀው የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ሰንጠረዥ ጋር ነው፤ በዚያ ሲታይ የ15 ዓመት ወንድ ልጅ 17 ሆኖ ጤናማ ክልል ውስጥ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሱሪው ካጠረበት እያደገ ነው። ሱሪው ሳያጥር ወገቡ እየሰፋበት ከሄደ አምጪው።